ሰበክሁ ያለው ሰው

ዓምደሚካኤል በሶዶ ችሎት አስተርጓሚ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት አልፎት ነበር። አባቱ ከመንዝ የመጡ ወታደር ናቸው። እሱ ግን በልጅነቱ መጥቶ ያደገው እዚያው ከዳሞታ ተራራ ግርጌ ስለሆነ ወላይትኛን ከአማርኛ እኩል ይናገራል። እንግሊዝኛውን ያገኘው በወጣትነቱ ድሬዳዋ ወርዶ፣ በአንድ የህንድ ነጋዴ መጋዘን ቆዳ ሲያስጭን በኖረባቸው ስምንት ዓመታት ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛው የቆዳና የጆንያ እንግሊዝኛ ነበር። «እርጥብ ነው»፣ «ተቀዷል»፣ «ባቡሩ ዘግይቷል» ለማለት የሚቀድመው የለም። ስለ ነፍስና ስለ ኃጢአት የሚያወራ ፈረንጅ ሶዶ ድረስ መጥቶ ያስቸግረኛል ብሎ ግን አስቦ አያውቅም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ዓምደሚካኤል ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነበር። ግራ ጉልበቱ ዝናብ ሲመጣ ያብጥበታል። ከጉልበቱ የበለጠ ያደከመው ግን የሰው ቃል ነው። ሲሳደቡ ስድቡን፣ ሲያለቅሱ ልቅሶውን፣ ሲዋሹም ውሸቱን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ጆሮ ሲያመላልስ ይውላል። ማታ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ ለይመኙሻል የሚነግራት የራሱ ቃል አይተርፈውም።

«ምን ዋለ ዛሬ?» ትለዋለች።

«ያው ነው» ይላል፤ ከዚያ በላይ አይወጣውም።

የዚያ ክረምት ነገር የተጀመረው ከሶዶ ቁልቁል፣ ሁምቦ ቆላ፣ ተበላ ገበያ አጠገብ ነው። ባላምባራስ ሐብተማርያም የሚባሉ ባለርስት ከጎረቤታቸው ጋር በወሰን ይካሰሱ ነበር። ወሰኑ ወንዙ ነው ብለው የሚምሉላቸው ሦስት ምስክሮች አዘጋጁ። ሦስቱም በእሳቸው መሬት ላይ የሚኖሩ ገባሮች ናቸው፤ አንደኛው ቶማ የሚባል ሽማግሌ ነበር። ወሰኑ ወንዙ እንዳልሆነ፣ ከወንዙ ወዲህ ያለው ትልቁ ሾላ እንደሆነ አገር ያውቃል። ቢሆንም ለባለርስት ጌታ በሐሰት መማል አዲስ ነገር አይደለም። ቶማም ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ምሏል።

የመሐላው ቀን ሲደርስ ሦስቱም በዳኛ ፊት ቆመው «አናውቅም» አሉ። ባላምባራስ ተረቱ።

ማን እንዲህ እንዳደረጋቸው ለማወቅ ብዙ አልፈጀባቸውም። ተበላ ውስጥ ኤርካሎ የሚባል ገበሬ ነበር፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጁ ታሞበት፣ ሶዶ ከከተማው ዝቅ ብለው ሰፍረው ሕሙማን ወደሚያክሙት ፈረንጆች ወሰደው። ልጁ ዳነ፣ አባትየውም ሰዎቹን ለመዳቸው። ፊደል ቆጠረ። ሚስተር ካርደን ከሚባለው ፈረንጅ ጋር እየተቀመጠ፣ የወንጌሉ ቃል በወላይትኛ ምን እንደሚባል ሲፈልጉ ሁለት ክረምት ከረሙ። በኋላ አገሩ ተመልሶ እሑድ እሑድ ደጁ ላይ ሰው እየሰበሰበ ይናገር ጀመር። አንዳንድ ጊዜ ሚስተር ካርደን በበቅሎ ይወርድና እሱ ይናገራል፤ ኤርካሎ ወደ አገሩ ቋንቋ ይመልሳል። የወሰኑ ክስ ከመሰማቱ በፊት በነበረው እሑድ ሁለቱም የተናገሩት ስለ ሐሰት መሐላ ነበር።

ባላምባራስ ሶዶ ወጥተው ከሰሱ። ክሳቸው አጭር ነው። «ለፈረንጁ የተሰጠው ፈቃድ ሕሙማን እንዲያክምና እንዲያስተምር ነው። ይስበክ አይልም። ስብከት የካህን ነው። እሱና ይህ ባላገር ሰብከው ገባሬን አሳመፁብኝ።»

ዳኛው ግራዝማች ቢያድግልኝ ጨጓራ የሚያማቸው፣ ነገር ሲረዝም ፊታቸው የሚገረጣ ሰው ነበሩ። የፈቃዱን ወረቀት አስመጥተው አስነበቡ። እውነትም «ለማስተማር» ይላል እንጂ «ለመስበክ» አይልም። ግራዝማች ዓምደሚካኤልን ወደ ጎን ጠሩት።

«በነሱ ቋንቋ ማስተማርና መስበክ አንድ ቃል ነው ሁለት?»

«ሁለት ነው ጌታዬ። አንደኛው ‹ቲች› ነው፤ ሌላው ‹ፕሪች›።»

«እህ፣ ቲች፣ ፕሪች። የእኅትማማች ስም ይመስላል። ልዩነታቸውስ?»

ዓምደሚካኤል በቆዳ መጋዘን ውስጥ የሚሰብክ ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ግራዝማች ሆዳቸውን በእጃቸው እየደገፉ፣ «እንግዲህ ችሎቱ ሐሙስ ነው። ሂድና ከራሱ ከፈረንጁ ጠይቀህ ተረዳ። ሰብኮ ከሆነ ባላገሩ ይታሰራል፣ ፈረንጁም ከሶዶ ንቅንቅ እንዳይል ይደረጋል። አስተምሮ ከሆነ ነገሩ አለቀ። እኔም እገላገላለሁ» አሉት።

ጉልበቱን እየጎተተ ወደ ፈረንጁ ቤት ወረደ። ሚስተር ካርደን ረጅም፣ ቀይ፣ አንገቱ በፀሐይ የተላጠ ሰው ነው። ወንበር ሰጠውና ብዙ አወራለት። ቲች ሰው በልቡናው እንዲያውቅ ማድረግ ነው አለ፤ ፕሪች ደግሞ ማወጅ ነው፣ መጥራት ነው፣ ማስጠንቀቅ ነው አለ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀና፣ በጎ አስተማሪ አንዳንዴ ይሰብካል፣ በጎ ሰባኪም ያስተምራል፣ ድንበሩን እኔም አጥርቼ አላውቀው ይሆናል አለ። ዓምደሚካኤል በትዕግሥት ሰማው። ሲነሣ የያዘው ነገር፣ ሁለቱም ቃላት በአንድ ድምፅ ማለቃቸውንና አንዱ ሰው እንደሚያሳስር፣ ሌላው እንደሚያስፈታ ብቻ ነበር።

«ሐሙስ ዕለት ሲጠይቁህ፣» አለው በሚያውቃት እንግሊዝኛ፣ «አጭር ቃል መልስ። ቲች በል።»

ፈረንጁ አየው። «እውነቱን እመልሳለሁ» አለ።

ለሐሙስ አጥቢያ ዝናብ ሲወርድ አደረ። የችሎቱ አዳራሽ ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ሰዉ ወደ አንድ ጥግ ተጠጋግቶ ቆሟል። ባላምባራስ ሐብተማርያም ካባቸውን ደርበው ከፊት ናቸው። ኤርካሎ እጁ በገመድ ታስሮ፣ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ፣ ከሁለት ዘበኞች መካከል ቆሟል። ከተበላ በእግሩ ነው ያመጡት። ሚስተር ካርደን ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዟል።

ዓምደሚካኤል ከጠዋት ጀምሮ ሦስት ነገር አስተርጉሞ ነበር። አንደኛው የሌባ ነገር ነው፤ ሌባው ሲገረፍ የሚጮኸውን ጩኸት ሳይቀር ዳኛው «ምን ይላል?» ብለው ጠይቀውታል። ጉልበቱ እንደ ዱባ አብጧል። ዓይኑ ሊከደን ይፈልጋል።

ግራዝማች፣ «ጠይቀው» አሉ። «በሁምቦ ለተሰበሰበው ሕዝብ አስተማረ ወይስ ሰበከ?»

ጠየቀው። ቲች ወይስ ፕሪች?

ሚስተር ካርደን ኤርካሎን ዘወር ብሎ አየው፤ የታሰረ እጁን አየ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ በዝግታ ተናገረ። በዚያ ቀን ያደረግሁትን አልክድም አለ። እነዚያ ሰዎች በሐሰት እንዳይምሉ ለመንኋቸው፣ አስጠነቀቅኋቸው፣ በእግዚአብሔር ስም ጠራኋቸው፤ ይህ ፕሪች ነው፤ እኔ ፕሪች አድርጌአለሁ፤ ቅጣት ካለ በዚህ ሰው ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ ይሁን አለ።

ንግግሩ ረጅም ነበር። ግራዝማች በግንባራቸው ወደ አስተርጓሚው ጠቀሱ።

«ምን ይላል?»

ዓምደሚካኤል አፉን ከፈተ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ቃል ገድፎ ያውቃል፣ አሳጥሮ ያውቃል፣ ስድብ አለዝቦም ያውቃል። ነጩን ጥቁር ብሎ ግን አያውቅም።

«አስተማርሁ ይላል፣» አለ። «እንደ ፈቃዱ ቃል አስተማርሁ እንጂ ሌላ አላደረግሁም፤ ይህም ሰው በደል የለበትም ይላል።»

ለምን እንዲህ እንዳለ በኋላ ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቋል። ለኤርካሎ አዝኖ ይሆናል። ባላምባራስን ጠልቶም ይሆናል፤ ሦስቱ ገባሮች መሬቱን እንደ ልጃቸው ያውቁታል፣ ለእሳቸው ሐሰት ግን እንደ እንጀራ የሚያዝዙት ነገር ነበር። ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ «ሰበክሁ» ካለ ጥያቄ ይከተላል፣ ከጥያቄው ክርክር፣ ከክርክሩ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮው ደግሞ ሌላ ረጅም ቀን። «አስተማርሁ» ካለ ቤቱ ይገባል።

ኤርካሎ ቀና አለ። አፉ በትንሹ ተከፈተ፣ መልሶም ገጠመው። ባላምባራስ መጮኽ ሲጀምሩ ግራዝማች እጃቸውን አነሡ።

«በፈቃዱ መሠረት ነው። ማስተማር አልተከለከለም። ፍቱት።»

ሚስተር ካርደን ነገሩ እንዴት እንዲህ እንደቀለለ አልገባውም። እውነት ተናግሮ ነፃ የወጣ መስሎት ፊቱ በራ። በሩ ላይ የዓምደሚካኤልን እጅ በሁለት እጁ ይዞ አመሰገነው። ዳኛው እውነት የሚያከብር ሰው ነው አለው። ዓምደሚካኤል «የስ፣ የስ» እያለ እጁን አስለቀቀና በጭቃው ውስጥ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከአሥር ቀን በኋላ፣ እሑድ ጠዋት፣ ይመኙሻል ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ አንድ ሰው አጥሩ ሥር ተቀምጦ አገኘች። ገባችና፣ «ውጭ የወላይታ ሰው አለ። ግባ ብለው አልገባም አለኝ። እርስዎን ነው የሚፈልገው» አለችው።

ኤርካሎ ነበር። ዓምደሚካኤል አስገብቶ መደቡ ላይ አስቀመጠው። ሊያመሰግን የመጣ መሰለውና ደስም አለው፣ ተሳቀቀም። ኤርካሎ ግን እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በሰባራ አማርኛው ጀመረ።

«ያን ቀን፣ ጌታዬ፣ ፈረንጁ ፕሪች አለ። እርስዎ አስተማርሁ ብለው አወጡት። እኔ ሁለቱን ቃል አውቃለሁ። ሁለት ክረምት ስንፈልግ ነው የከረምነው።»

የዓምደሚካኤል ፊት ተለዋወጠ። ወደ ጓዳው አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወላይትኛ መለሰለት። «አውቀህስ? ተፈታህ አይደለም?»

«ተፈታሁ።» ኤርካሎም ወደ ቋንቋው ተመለሰ፤ ቃሉ እንደልቡ መፍሰስ ጀመረ። «ግን ቶማን ባላምባራስ ከመሬቱ አስነሥተውታል። ያልማለ ገባር አልፈልግም ብለው። ሽማግሌ ነው። ጎጆውን አፍርሶ እንጨቱን ተሸክሞ ደጄ መጣ። ‹ኤርካሎ፣ በሐሰት አልምልም ብዬ ቤቴን አጣሁ፤ አንተ እንዴት ዳንህ?› አለኝ። ምን ልበለው?»

«እግዚአብሔር አዳነኝ በለው።»

«እግዚአብሔር ከሆነ ያዳነኝ፣ አስተርጓሚውን ምን አስዋሸው?»

ዓምደሚካኤል ተናደደ። ከተናደደ ብዙ ጊዜው ነበር፤ ቁጣው እንኳ ደክሞት ቀስ ብሎ መጣ። «ስማ፣ አንተ ሰው! ልትታሰር፣ ልትገረፍም ነበር። ልጆችህ ስንት ናቸው?»

«አምስት። ሚስቴም ነፍሰ ጡር ናት።»

«እና? ሄደህ አስተርጓሚው ዋሸ ልትል ነው? እኔን ከሥራ አስወጥተው በእኔ ቦታ ማንን ሊያስቀምጡ መሰለህ? አንድም ወላይትኛ የማያውቅ ሰው ነው የሚያስቀምጡት። ያኔ የናንተን እንባ ማን ይናገርላችኋል? ያን ቀን ያልሁት ለአንተ ብዬ ነው።»

«ለእኔ ብለው ነው፣» አለ ኤርካሎ፤ በዚያ ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም። «አውቃለሁ። ለዚህ ነው መጀመሪያ ወደ እርስዎ የመጣሁት። ነገ ችሎት እቆማለሁ። ስለ እርስዎ አንዳች አልናገርም። ስለ ፈረንጁም አልናገርም። ስለ ራሴ ብቻ እናገራለሁ።»

«ተወው። ባክህ ተወው። ነገሩ ሞቷል።»

«ለእርስዎ ሞቷል። እኔ ግን እሑድ ሲመጣ ደጄ ላይ መቆም አቃተኝ። ባለፈው እሑድ ታምሜአለሁ ብዬ ሰዉን መለስሁት። አልታመምሁም ነበር።»

ይመኙሻል ትኩስ ቆጮና ጎመን አቅርባ ነበር። ኤርካሎ አመስግኖ ጥቂት ቀምሶ ተነሣ። ከወጣ በኋላ ይመኙሻል ባልዋን ዓይን ዓይኑን አየችው።

«ምን አደረጉት ሰውየውን?»

«አስፈታሁት» አለ ዓምደሚካኤል።

ሰኞ ሰዓቱ ሲደርስ ኤርካሎ እጁ ሳይታሰር፣ ማንም ሳይጠራው ችሎቱ ፊት ቆመ። የተጠራ ባለጉዳይ መስሏቸው ግራዝማች ወረቀት ፈለጉ። ሲያጡ ቀና ብለው አዩት።

«አንተ ተፈተህ የለም እንዴ? ደግሞ ምን ቀረህ?»

ኤርካሎ በወላይትኛ ተናገረ፤ ዓምደሚካኤል ተረጎመ።

«ባለፈው ጊዜ አልተጠየቅሁም፣ ይላል። የተጠየቀው ፈረንጁ ነው። እኔ ብጠየቅ ኖሮ ሰበክሁ እል ነበር፤ ሰብኬአለሁም፣ ይላል።»

ግራዝማች መዝገቡን ገለጡ።

«ፈረንጁ አስተማርሁ ብሏል። በመዝገብ ተጽፏል።»

ኤርካሎ ወደ አስተርጓሚው አላየም። «ፈረንጁ የራሱን ይመልሳል። እኔ የራሴን ነው የምናገረው።»

«ለመሆኑ ልዩነቱን ታውቀዋለህ? ፊደል የቆጠርኸው ትናንት ነው። ማስተማር ምንድን ነው? መስበክስ?»

ይህ ጥያቄ ለማላገጥ የተጠየቀ ነበር፤ ጸሐፊውም ፈገግ ብሏል። ኤርካሎ ግን አስቦ መለሰ፤ ዓምደሚካኤልም አንዲት ቃል ሳይጨምር፣ አንዲት ቃል ሳይቀንስ ከሥር ከሥሩ አወጣው።

«ማስተማር ሰው የማያውቀውን መንገር ነው፣ ይላል። ሀ ሁ አላውቅም ነበር፤ አስተማሩኝ። በሐሰት መማል ክፉ እንደሆነ ግን ማንም አላስተማረንም። አባቶቻችንም ያውቁ ነበር። ቶማም ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ባላምባራስም ያውቃሉ፣ ይላል። የምናውቀውን ነው የማናደርገው። ሰው የሚያውቀውን፣ ግን የማያደርገውን ነገር ፊቱ ቆሞ መንገር፣ እሱ መስበክ ነው። እኔ ያን ቀን አንድም አዲስ ነገር አልነገርኋቸውም። ስለዚህ አላስተማርሁም። ሰበክሁ፣ ይላል።»

ጸሐፊው ፈገግታውን አጠፋ። ባላምባራስ በዚያ ቀን አልነበሩም፤ ለሌላ ጉዳይ የመጣው ነገረፈጃቸው ግን ከእስሩ ጋር አርባ ግርፋት ይጨመርበት አለ።

«ዝም በል» አሉት ግራዝማች። ወደ ኤርካሎ ዞሩ። ድምፃቸው ከቁጣ ይልቅ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። «ይህን ማን ጠየቀህ? ዘግቼው ነበር እኮ። ገበሬ ነህ፣ የዘር ወቅት ነው፣ ቤትህ ገብተህ ነበር። አሁን በራስህ አፍ ካመንህ ምን ላድርግህ?»

ኤርካሎ ሁለት እጆቹን ለገመድ አጣምሮ ዘረጋ።

«ግርፋት አልፈርድም። ሦስት ወር ታሰር። ፈረንጁን በተመለከተ የፊቱ ቃል ይጸናል።» ከዚያ ሳይታሰብ ወደ አስተርጓሚው ቀና አሉ። «ዓምደሚካኤል፣ አንተስ በዚህ ነገር የምትለው አለህ?»

ያን ጊዜ መናገር ይችል ነበር። የዳኛው ዓይን በእሱ ላይ ነው፤ ያውቁ ይሁን ወይም እንዲሁ ለወጉ ጠይቀው ይሁን እስከ ዛሬ አላወቀም። ኤርካሎ ወለሉን ያያል። ዓምደሚካኤል የሚስቱን ፊት አሰበ፣ ቤቱን አሰበ፣ ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ክርክርና ቀጠሮ አሰበ።

«የለኝም ጌታዬ» አለ።

ኤርካሎን ወሰዱት።

ዓምደሚካኤል ያን ቀን ቤቱ ሲገባ ይመኙሻል «ምን ዋለ?» ብላ ሳትጨርስ ሁሉን ነገራት፤ በመጋዘኑ ዘመን ከተማረው ቃል ጀምሮ እስከ «የለኝም» ድረስ። ሲጨርስ እንድትቆጣው ጠብቆ ነበር።

«ስንቅ ማን ያመላልስለታል?» አለች። «ቤቱ ተበላ ነው፤ ሚስቱ ነፍሰ ጡር።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይመኙሻል በየሁለት ቀኑ ቆጮ፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ አንዳንዴም ሽሮ እየያዘች ወደ እስር ቤቱ ትሄድ ጀመር። ጉልበቱ ሲሻለው እሱ ይወስዳል። መጀመሪያ ሲሄድ ምን እንደሚለው አያውቅም ነበር። ኤርካሎ ግን ምግቡን ተቀብሎ ለሌሎቹ እስረኞች አካፈለና፣ እንደ ዘመድ ስለ ዝናቡ ጠየቀው። በቆሎው ደርሶ ይሆን? ሁምቦ ዘንቧል? አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣውም። ዓምደሚካኤልን ይህ ከወቀሳ ይልቅ አደከመው።

ሚስተር ካርደን ነገሩን ሲሰማ እየሮጠ መጣ። ለምን እሱ ብቻ ታሰረ፣ እኔ ያው ቃል ተናግሬ የለም ወይ እያለ ዓምደሚካኤልን ጠየቀው። ዓምደሚካኤል በረንዳው ላይ ቆሞ በዚያች በቆዳ እንግሊዝኛው ነገረው። አንተ ፕሪች አልህ፣ እኔ ቲች አልሁ አለው። ፈረንጁ ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ ነጣ። ሳይሰናበተው ሄደ። በማግሥቱ ዳኛው ዘንድ ሄዶ አንድ ነገር ለመናገር ሞከረ፤ አስተርጓሚ የለም ተባለ። ዓምደሚካኤል ያን ቀን ታምሜአለሁ ብሎ ቀርቶ ነበር። እንደገና በሄደ ጊዜ ግራዝማች፣ መዝገቡ ተዘግቷል፣ ሕሙማኑን ያክም በሉት ብለው መለሱት።

ተበላ ላይ የኤርካሎን እርሻ ቶማ አረሰው። ቤት የሌለው ሽማግሌ የታሰረውን ሰው በሬ ጠምዶ፣ ከኤርካሎ ትልቁ ልጅ ጋር በቆሎውን ኮተኮተ፣ ስኳር ድንቹን ተከለ። ሁለቱ ሌሎች ምስክሮችም ሥራቸውን ሲጨርሱ መጥተው ያግዙት ነበር። እሑድ ሰው ሲሰበሰብ የሚናገር ስለሌለ፣ ቁጭ ብለው ቆይተው ይበተናሉ። ባላምባራስ ይህን ሰምተው፣ «ዝም ብሎ መቀመጥም ስብከት ነው ብዬ ልክሰስ?» አሉ ይባላል። አልከሰሱም። የቶማን መሬት ለሌላ ገባር ሰጡ፤ ለቶማ አልመለሱለትም።

መስከረም ላይ ዓምደሚካኤል ከአስተርጓሚነት እንዲያነሡት ግራዝማችን ለመነ። ጉልበቴ አላቆም አለኝ አላቸው። ግራዝማች አላመኑትም፤ አልከለከሉትምም። መዝገብ ቤት አቧራ የበላቸውን ወረቀቶች እንዲያስር አዘዋወሩት። ደሞዙ አነሰ። በእሱ ቦታ የተተካው ወጣት ወላይትኛ አያውቅም ነበርና፣ ለችግሩ ሲሉ እሱን ከመዝገብ ቤት መጥራታቸው አልቀረም። ሲጠሩት ይሄዳል። ያዩት እንደሚሉት ከዚያ ወዲህ እጅግ አዝግሞ ነበር የሚተረጉመው። ባለጉዳዩ ሲናገር ያስቆመዋል፤ «ድገምልኝ» ይለዋል፤ ዳኞቹ እስኪሰለቻቸው ድረስ።

ኤርካሎ የተፈታው መስቀል ባለፈ በሳምንቱ ነው። ዓምደሚካኤል እስር ቤቱ በር ላይ ጠበቀው። ኤርካሎ ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ሚስቱ በእስሩ ጊዜ የወለደችውን ልጅ ገና አላየም። ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን የሁምቦን መንገድ ይዘው ቁልቁል ወረዱ። አደይ አበባው መንገዱ ዳርና ዳር ፈክቷል። ብዙም አላወሩም። ከከተማው ወጣ ብሎ ቁልቁለቱ ሲብስ የዓምደሚካኤል ጉልበት አልታዘዝ አለውና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ከዚህ ወዲያ አልችልም» አለ።

ኤርካሎም አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«ያን ቀን ዳኛው ሲጠይቁኝ ‹የለኝም› አልሁ» አለ ዓምደሚካኤል። «ሰምተሃል።»

«ሰምቻለሁ።»

«ዛሬም ቢጠይቁኝ ምን እንደምል አላውቅም። ይህን ልነግርህ ነው የመጣሁት። ይቅር በለኝ ልልህ አስቤ ነበር፤ ግን ነገ ደግሜ የማደርገውን ነገር ይቅር በለኝ ማለት አሳፈረኝ።»

አንዲት ሴት የማገዶ ሸክም ተሸክማ ወደ ሶዶ ትወጣ ነበር፤ ኤርካሎ እስክታልፍ ጠበቀ።

«አሁን ያሉኝን ለግራዝማች አላሉም፤ ለእኔ ግን አሉኝ» አለው በመጨረሻ። «ለዛሬ እሱ ይበቃል።»

ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣው፤ ዓምደሚካኤልም ከተቀመጠበት አጸፋውን ሰጠ። ኤርካሎ ቁልቁለቱን በፈጣን እርምጃ ወረደ፤ ቤቱን የናፈቀ ሰው እርምጃ ነበር። ዓምደሚካኤል ጨው ጭነው ወደ ሶዶ የሚወጡ ነጋዴዎች እስኪደርሱ ድረስ እዚያው ተቀመጠ። አንደኛው ባዶ በቅሎ ነበረችውና በእሷ ላይ አስቀመጠው። ነጋዴው መንገድ ለመንገድ ስለ ጨው ዋጋና ስለ ወንዙ ሙላት ያወራለት ነበር፤ እሱም «እህ» እያለ ሰማው፤ ለማንም ማስተርጎም አልነበረበትም።